ከከብቶቹ ጋር የወጡት ውሾች

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ለውሾች ክትባት ከሚሰጥ ቡድን ጋር ስሠራ፣ ስለ ሥራችን ከሁሉ የሚጠቅመውን ነገር ያስረዱን አንድ ከብት አርቢ አዛውንት ነበሩ።

ውሻ የምንከትበው ለቀይ ቀበሮ ብለን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ይህ እንስሳ የቀረው ወደ 500 ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በባሌ ነው። ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው ለብቻው ቢሆንም ከቤተሰቡ ጋር ስለሚያድርና ስለሚላላስ፣ ከውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ አንዱን ከያዘ ሌሎቹን ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 በሽታው በፓርኩ ውስጥ ባለው በወብ ሸለቆ ሲነሣ ከአራቱ ቀበሮዎች ሦስቱን ያህል ጨርሷል። ይህን እያወቁ አንድ ውሻ እንኳ ሳይከተብ መቅረቱን በቸልታ ማየት አይቻልም።

የዚያን ዕለት በክረምት መግቢያ ከአንዲት መንደር ደርሰን፣ ልጆች ውሾቻቸውን በገመድ እየጎተቱ ያመጡልናል፤ ባልደረባዬ ከበረዶ ሣጥኑ ክትባት ያወጣል፣ እኔ የተከተበውን ጀርባ ቀለም እቀባና በመዝገብ እጽፋለሁ። በሽታው በውሾች መካከል እንዳይዛመት ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለበት ስለሚባል፣ መዝገቡ ሲሞላ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከአጥሩ ጥግ ቆመው ሲመለከቱን የቆዩት አዛውንት ግን ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ፤ ከብት ጠባቂዎቹ ውሾች ግን እዚህ የሉም፣ ጎዳንቱ ወጥተዋል» አሉን።

ቡድን መሪያችን ወንበር አስመጥቶላቸው፣ «ሐጂ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉና ያስረዱን» አላቸው። ጎዳንቱ ማለት በየወቅቱ ከብት ይዞ ለግጦሽ መዘዋወር እንደሆነ፣ ማሳው ሲዘራ ከብቶቹ ወደ ደጋው ግጦሽ እንደሚወጡ፣ በበጋ ወደ ሐረና ጫካ እንደሚወርዱ፣ ጅብ ስለሚያሰጋ ከየመንጋው ጋር ሁለትም ሦስትም ውሻ እንደሚሄድ ነገሩን። እንግዲህ በመንደሩ የከተብናቸው አብዛኞቹ ደጃፍ ጠባቂዎች ሲሆኑ፣ ቀበሮ ባለበት ሜዳ የሚያድሩትና ከቀበሮ ጋር በአንድ ጥንብ ላይ የሚገናኙት ውሾች ከመዝገባችን ውጭ ነበሩ። መቶኛው ትክክል ሆኖ ሳለ ቀበሮውን የሚጠብቅለት አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ከዚያ በኋላ የዘመቻው ቀን የሚቆረጠው ከአርቢዎቹ ጋር ተነጋግረን ሆነ። በመንደር ከከተብን በኋላ ክትባቱን በበረዶ አሽገን በፈረስ እንጭንና እረኞቹ ወደሚያድሩበት እንወጣለን፤ ውሾቹም ከብቶቹ ሳይሰማሩ በማለዳ ይከተባሉ። በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ለቀበሮው ራሱ የሚሰጥ ክትባት መጀመሩ ትልቅ ተስፋ ቢሆንም፣ በሽታው የሚመጣው ከውሻ ነውና ወደ እረኞቹ መውጣታችን አልቀረም።