ክሊራንስ

ሐምሌ 14፣ ማታ፣ ጅማ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም ነበር። ቆርቆሮው ስለሚጮህ እኔና እማዬ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው የምናወራው። ከሳይት ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ሙሌቱ አልጠቀጠቅ ይላል፣ የመንገድ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ መጀመሪያ የሚሸኘው የኮንትራት ሠራተኛ ነው። እኔ ሰርቬየር ነኝ፤ የመሬት ለኪ። ቋሚ ሆኜ አላውቅም።

ዛሬ እማዬ «የቤቱን ግብር ደረሰኝ ፈልግልኝ» አለችኝና ቁምሳጥኑን ስከፍት፣ ከነጠላዎቿ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ውስጡ ያለው ግን ደረሰኝ ሳይሆን የኔ ክሊራንሶች ናቸው። ከሥራ በለቀቅሁ ቁጥር ይዤ መጥቼ ጠረጴዛ ላይ የምጥላቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያነሳች አስቀምጣቸው ኖሯል። ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ናቸው። ቃላቸው ያው ነው፦ በእጁ የነበረውን ንብረት አስረክቧል፣ ከዕዳ ነፃ ነው። ቶታል ስቴሽን የሚባለው መለኪያ መሣሪያ ከነእግሩ፣ አብሮት የሚሠራው ፕሪዝም፣ ሄልሜት፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ። በደሌ፣ መቱ፣ ቦንጋ፣ ሰመራ… አንዱ ላይ የቀይ አፈር ጣት አሻራ አለ። የኔ ይሁን የንብረት ክፍሉ ሰውዬ፣ እንጃ።

ይህን ስመለከት የእህቴ ልጅ በስብሶ ገባ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ኳሷን ከእቅፉ አያወርዳትም፤ ትምህርት ቤታቸው ባለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ውሃውን በመጥረጊያ እየገፉ ይጫወታሉ። የለበሰው የባስኬት ኮከቡን የስቴፈን ከሪን 30 ቁጥር ነው። ወረቀቶቹን አገላበጠና «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የሠራህበት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ታዲያ ለምን አንዱም ጋ አላስቀሩህም?»

በክፋት አልነበረም። እማዬ ግን ቡና እየቆላች ነበር፤ እጇ ብረት ምጣዱ ላይ ቀጥ አለ።

ለእሱ ነገር የሚገባው በባስኬት ስለሆነ አሜሪካዊውን ተጫዋች ኢሽ ስሚዝን አነሳሁለት። ስሙን ሰምቶት አያውቅም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ነው፤ እኛ ሰፈር ረጅም የሚባል፣ ኤንቢኤ በሚባለው የአሜሪካ ሊግ ውስጥ ግን ከአጫጭሮቹ የሚቆጠር። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት 60 ስሞች ተጠሩ፣ የእሱ አልተጠራም። ሂውስተን እንዲያው ያለ ድራፍት ወሰደው። ከዚያ ሜምፊስ፣ ጎልደን ስቴት፣ ኦርላንዶ፣ ሚልዋኪ፣ ፊኒክስ፣ ኦክላሆማ ሲቲ፣ ፊላደልፊያ፣ ኒው ኦርሊንስ፣ ዲትሮይት፣ ዋሽንግተን፣ የትውልድ ከተማው ሻርሎት፣ ዴንቨር። 13 ክለብ። በሊጉ ታሪክ ይህን ያህል ማሊያ የለበሰ ሌላ ሰው የለም። ከእሱ በፊት ክብረ ወሰኑ 12 ነበር፤ 12 ከለበሱት አንዱ ጆ ስሚዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ድራፍት ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች ነው። በመጀመሪያ የተመረጠውም ስሙ ያልተጠራውም ሻንጣቸው እንደታሰረ ኖረዋል።

«አሥራ ሦስት? እንግዲያው ጎበዝ አይደለማ» አለኝ።

አካሄዱን አስረዳሁት። እዚያ የደመወዝ ጣሪያ የሚባል ነገር አለ። ጣሪያውን ያለፈ ክለብ ተጫዋች ሲለዋወጥ የሚሰጠውና የሚቀበለው ደመወዝ መቀራረብ አለበት። ስለዚህ ትልልቆቹ ሲለዋወጡ ሒሳቡ እንዲገጥም አንድ ሌላ ሰው አብሮ ይላካል፤ መርካቶ ቡና ሲመዘን ሚዛኑ እስኪስተካከል እፍኝ እንደሚጨመረው። ያ ሰው ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ማንም አይጠይቀውም። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ ከፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ ወዲህ አንድ ክለብ ተጫዋች ለአሥር ቀን ብቻ ማስፈረም ይችላል። አሥር ቀን! ቢበዛ ሁለት ጊዜ ያስፈርመዋል፣ ከዚያ ወይ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ያስቀረዋል ወይ ያሰናብተዋል። ከአገር አገር እየተሻገሩ የሚጫወቱት ደግሞ ከለቀቁበት አገር ፌዴሬሽን ወረቀት ካላመጡ አዲሱ አገር ሜዳ አያስገባቸውም።

«የወረቀቱን ስም ታውቃለህ?» አልኩት። «ክሊራንስ።»

ሳቀ። እማዬም ምጣዱን መነቅነቅ ጀመረች።

ግን ልነግረው የፈለግሁት የፊላደልፊያን ነገር ነበር። ኢሽ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2015 የውድድር ዘመኑን እዚያ ጨረሰ፣ ክለቡም አላስቀረውም። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን አስፈረመው፣ ውድድሩ ሳይጀመር አሰናበተው፣ ኒው ኦርሊንስ ሄደ። ፊላደልፊያ ያለ እሱ ጀመረ፤ ከ31 ጨዋታ 30ውን ተሸነፈ። እንደ ኔርለንስ ኖኤልና ጃሊል ኦካፎር ያሉ ረጃጅም ወጣቶች ነበሩት፣ ኳሱን ጊዜውን ጠብቆ እጃቸው ላይ የሚያስቀምጥላቸው ሰው ግን አልነበረም። በፈረንጆች ገና ዋዜማ ክለቡ ሁለት የሁለተኛ ዙር የድራፍት ዕጣ ሰጥቶ ያንኑ በነፃ የለቀቀውን ሰው መለሰው። በተመለሰበት የመጀመሪያ ጨዋታ ፊኒክስን አሸነፉ። ዓመቱን የጨረሱት በ10 ድልና በ72 ሽንፈት ነው፤ አንድ ሰው ተአምር አይሠራም። እሱ ግን በሚቀጥለው ክረምት ከዲትሮይት ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። ሦስት ዓመት አንድ ከተማ! ይህን ሳነብ ያኔ ካምፕ ውስጥ ነበርኩ፣ ዘመዴ የተሳካለት ያህል ደስ ብሎኛል።

ልጁ ዝም ብሎ ሲሰማኝ የራሴንም ነገርኩት፤ ለእማዬም እስከ ዛሬ ነግሬያት አላውቅም። ከዘጠኙ አንዱን ወረቀት ለማስፈረም አሥራ አንድ ቀን ተመላልሻለሁ። የጠፋ ፕሪዝም በእኔ ስም ተመዝግቦ ነበር፣ ያጠፋው ሌላ ሰው ነው። ያለፈው ወር ደመወዜ እስኪጣራ ተያዘ። በመጨረሻ ተፈርሞልኝ ስወጣ የካምፑን በር ዞሬ ላላይ ለራሴ ምያለሁ። ከዓመት በኋላ ከዚያው ቢሮ ተደወለ። የቱቦው መግቢያና መውጫ ከፍታ አልገናኝ ብሏቸው ሁለት ጊዜ ቆፍረው ሁለት ጊዜ ደፍነዋል። ሄድኩ። ግሬደር የነካውን ቤንች ማርክ፣ ከፍታ የሚለካበትን ቋሚ ምልክት፣ መነሻ አድርገው ሲለኩ ከርመዋል፤ መነካቱን ስለቅ የመስክ መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ፣ የገለጠው ግን የለም። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ቱቦው ውሃውን ሲያሳልፍ ግን ዳር ቆሜ ብዙ ሰዓት አየሁት።

አዲስ ሳይት ስደርስ ከማደሪያዬ በፊት የምጠይቀው ቤንች ማርኩን ነው። ከየት ተነስታችሁ ነው የምትለኩት? ይህን ሳላውቅ እጄን አላስገባም። ኢሽ ስሚዝም ዓመቱ ተጋምሶ አዲስ መልበሻ ክፍል ሲገባ የሚያደርገው ይህንኑ ይመስለኛል፦ ማን በግራ እጁ ይወዳል፣ ማን ከሪንጉ ሥር፣ ማን ኳስ ሲዘገይበት ይናደዳል። ሌላው በዓመት የለመደውን እሱ በአንድ ልምምድ መያዝ አለበት። ይህ ችሎታ መሆኑን ለልጁ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ማስቆጠር ይታያል። ይህ አይታይም።

ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ2023 ማያሚን 94 ለ89 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሳ በእኛ ሰኔ 6 ሊነጋጋ ሲል ነበር፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል የጀመረውን ጨዋታ በስልኬ ስከታተል አድሬያለሁ። ኢሽ ስሚዝ ያን ሌሊት ከተጠባባቂ ወንበር አልተነሳም። ጄፍ ግሪን ግን ተጫውቷል፤ 11 ክለብ የዞረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ልቡን ተቀዶ አንድ ሙሉ ዓመት ሜዳ ያልረገጠ። የሁለቱ የሻምፒዮንነት ቀለበት ከክለቡ ኮከብ ከኒኮላ ዮኪች ቀለበት አያንስም።

ደሞዛቸውን ከእኔ ጋር አላስተያይም። የማስተያየው ሌላ ነገር ነው። አጋሮ የማውቃት ልጅ ነበረች። ሦስት ዓመት ጠበቀችኝ፤ በመጨረሻ «ሰው የት ነው ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እህቴ ስትዳር እኔ ሰመራ ነበርኩ። ይህን ልጅ ሲወለድ ሳይሆን ሲራመድ ነው ያየሁት። ዛሬ ዘጠኙን ወረቀት ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝም ይኸው ነው፤ ለዚህ ነው ጥያቄው ያመመኝ።

ወደ 11 ሰዓት ዝናቡ ሲያባራ አብረን ሜዳው ሄድን። ሪንጉ መረብ የለውም፣ ቦርዱም በአንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። አንድ ረጅም ጓደኛው መጣ፤ ኳስ ሲይዝ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚያወርድ ዓይነት። «ደረቱ ላይ አትስጠው፣ ከግንባሩ በላይ አድርግለት» አልኩት የእህቴን ልጅ። ሁለቴ ሳተ። በሦስተኛው ረጅሙ ልጅ ኳሱን ሳያወርድ ከቦርዱ አጋጭቶ አገባ። የእህቴ ልጅ ያገባው እሱ የሆነ ያህል ሜዳውን ዞረው።

ቤት ስንመለስ ስልኬ ላይ ያመለጠ ጥሪ ነበር። መልሼ ደወልኩ። ነሐሴ መጨረሻ ሚዛን ተፈሪ አካባቢ ሰው ይፈልጋሉ፣ ለስድስት ወር። ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ ዘጋሁ።

እማዬ ቆርቆሮውን ከነጠላዎቹ ሥር መልሳዋለች። የተቆላውን ቡና በላስቲክ እየቋጠረች ነበር፤ ማን እንደደወለ አልጠየቀችኝም።

«ብርድ ልብስ ይሰጣሉ» አለችኝ፣ «ወይስ ከዚሁ ትይዛለህ?»