መልስ የማይበቃት ተሳፋሪ

አርብ ማታ የጌም ጃሙ (በ48 ሰዓት ውስጥ ጨዋታ ሠርቶ የማስረከብ ውድድር ነው) ርዕስ ወጣ፦ «ቼንጅ»። የተቀረው ዓለም «ለውጥ» ብሎ ተረድቶት ትሉን ቢራቢሮ፣ በጋውን ክረምት ሊያደርግ ሲሯሯጥ ለእኔ የታየኝ የታክሲ መልስ ነው። ወያላ ነህ። ተሳፋሪ ብር ይሰጥሃል። ታክሲው ፌርማታ ከመድረሱ በፊት መልሱን ቆጥረህ ካልሰጠህ ይጮኽብሃል፤ ሦስት ሰው ከጮኸብህ አለቀልህ። ጨዋታው በቃ ይኼው ነው።

እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። 48 ሰዓት የሚሸከመው አንድ ሐሳብ ነው። «ባባ ኢዝ ዩ» የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2017 ኖርዲክ ጌም ጃምን ያሸነፈው «ቃላቱን ስትገፋቸው የጨዋታው ሕግ ይቀየራል» በሚል አንድ ሐሳብ ነው። ደግሞ 48 ሰዓት ይባል እንጂ እንቅልፍ፣ ምግብና «ና እስቲ ይቺን ጀሪካን አንሳልኝ» ሲቀነስበት ሃያ ሰዓት ከተረፈ ትልቅ ነገር ነው። ከሃያው የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓቶች ሲያልቁ፣ ታክሲው ግራጫ ሳጥን፣ ተሳፋሪው ክብ ቢሆንም እንኳ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወቱት ነገር እጅ ላይ መኖር አለበት። ሥዕል ከዚያ በኋላ ነው፤ ሙዚቃ ደግሞ ከሥዕል በኋላ።

እኔ ግን ፊደል መሣል ጀመርኩ።

የድሮ ጨዋታ መልክ እንዲኖረው ብዬ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በ8 በ8 ፒክስል። ፈረንጅ 26 ፊደል ሥሎ ይተኛል። የእኛ 33 በ7፣ ማለትም 231 ነው፤ እነ ኳ እና ጓ ገና አልተቆጠሩም። ቁጥሩስ ይሁን፤ ሸ ከሰ የምትለየው አናቷ ላይ ባለች አንዲት መስመር ነው፤ በ8 ፒክስል ውስጥ ለዚያች መስመር የተረፈው ግማሽ ፒክስል ነው፤ ግማሽ ፒክስል የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ታክሲዬ ጎን ላይ «ሸገር» ብዬ የጻፍኩትን ሳነበው «ሰገር» ይላል። (ለሚሞክር ሰው፦ ከ16 በ16 በታች አትውረዱ። ሙሉውን ፊደል ገበታም አትሣሉ፤ ጨዋታው ውስጥ ያሉትን ቃላት መጀመሪያ ጽፎ የሚገኙትን ፊደላት ብቻ መልቀም ነው። የእኔን ስለቅም 61 ብቻ ነበሩ። ይኼን ያወቅኩት 140ኛውን ከሣልኩ በኋላ ነው።) በንዴት ፊደሉን ሁሉ ጥዬ ጽሑፉን በተራ ኪቦርድ ጻፍኩት። ጎዶት (ጨዋታ የምሠራበት ፕሮግራም ነው) ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። «እንዲህ ቀላል ኖሯል?» አልኩ። ይቺን ያዙልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤታችንን ልጅ ለሙከራ ጠራሁት። ሙከራ ሕግ አለው፤ ጨዋታውን ትሰጠዋለህ፣ ዝም ትላለህ። ካስረዳኸው የሞከርከው አፍህን እንጂ ጨዋታውን አይደለም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው፦

«ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ግን ምን ሆና ነው?»

ሴትዮዋ 30 ሳንቲም መልስ አላት። (ዛሬ ሳንቲም የሚመልስ ታክሲ የት አለ የሚል ካለ፣ ፈጠራ ነው።) ልጁ ሦስት ባለ 10 ሳንቲም ሰጥቷታል። እሷ «መልሴን!» ትላለች። ደግሞ ሰጣት፤ ጭራሽ ባሰባት። ኮዱን ስከፍተው ገንዘቡን በነጥብ ቁጥር ነበር የያዝኩት። 0.1 ሲደመር 0.1 ሲደመር 0.1 ኮምፒውተር ላይ 0.3 አይመጣም፤ 0.30000000000000004 ነው። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በዜሮና በአንድ ስለሆነ፣ እኛ አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው እሱም አንድ አሥረኛን አይጨርሰውም፤ የሆነ ቦታ ላይ ቆርጦ ይጥለዋል። እኔ ደግሞ «እኩል ከሆነ ዝም በይ» ብያታለሁ። ሴትዮዋ የምትጮኸው እንግዲህ ጎድሎባት ሳይሆን ተርፏት ነው! መፍትሔው ገንዘብን ሁሌም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። 30 ከ30 ጋር እኩል ነው፤ ነጥቡ የሚገባው ስክሪን ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው።

ልጁ ጨዋታውን በፍላሽ ይዞ ታላቅ ወንድሙ ጋ ሄደ። ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ተመልሶ «ጋሼ፣ ሹፌሩ አብዷል» አለኝ። ታክሲው በፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ምስሉን ባደሰ ቁጥር፣ 4 ፒክስል እንዲሄድ ነበር ያደረግኩት። የእኔ ላፕቶፕ በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሚያሳይ 240 ፒክስል ይሄዳል፤ ከፌርማታ ፌርማታ ያለው 1200 ፒክስል በአምስት ሰከንድ ያልቃል። የወንድምየው ስክሪን 144 ነው፤ እዚያ 576 ፒክስል ይሄዳል፤ ሁለት ሰከንድ ብቻ። ከሃምሳ ብር ላይ መልስ ቆጥሮ ለመስጠት ሁለት ሰከንድ!

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ፍጥነቱን በሰከንድ አስቦ በዴልታ፣ ማለትም ከፍሬም ፍሬም ባለው ጊዜ፣ ማባዛት። አባዛሁ። ታክሲው ቆመ። ቀርቤ ሳየው ለካ አልቆመም፤ ይድሃል። «ሙቭ ኤንድ ስላይድ» የተባለው የጎዶት ትእዛዝ ዴልታውን ራሱ እንደሚያባዛ ረስቼ እኔም ደግሜ አባዝቼዋለሁ። 240 ለ60 ተካፍሎ በሰከንድ 4 ፒክስል ሆነ፤ ፌርማታ ለመድረስ አምስት ደቂቃ። መገናኛን ለሚያውቅ ሰው ይኼ ስህተት አይደለም፤ ዘገባ ነው። ግን አስተካከልኩት።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ማስረከቢያው እሑድ 18:00 በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነበር። ሦስት ትደምራለህ፤ 21:00። ይኼ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ወረቀት ላይ «3 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ፤ ልክ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አይቼ የስልኬን ማንቂያ 3:00 ላይ ሞላሁት። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ለእሱ 3:00 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት በነፃ ጨመርኩ ማለት ነው። በዚያ ነፃ ሰዓት ተማምኜ የሹፌሩን ጢም ስሥል፣ እንደው የጃሙን ገጽ ልየው ብዬ ብከፍት 41 ደቂቃ ቀርቷል ይላል።

በ41 ደቂቃ ውስጥ የሆነው ይኼ ነው። ፋይሉ በስልክ ዳታ አልጫን አለ፤ የሦስት ደቂቃ ሙዚቃውን በዌቭ፣ ማለትም ባልታመቀ የድምፅ ፋይል፣ አስቀምጬው ነበር፤ ዌቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ወደ ታመቀው ወደ ኦግ ሲቀየር ሦስቱም ደቂቃ 3 ሜጋባይት ሆነ። ተጫነ፤ ግን ጨዋታው አልተገኘም አለኝ። ዚፕ ያደረግኩት ፎልደሩን ነበር፤ ብሮውዘር መጀመሪያ የሚከፍተው ኢንዴክስ ኤችቲኤምኤል የሚባለው ፋይል ዚፑ ሲከፈት ከላይ መገኘት አለበት እንጂ ፎልደር ውስጥ መደበቅ የለበትም። እንደገና። ተከፈተ፤ ታክሲው የለም። መንገዱ አለ፣ ተሳፋሪዎቹ አየር ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ። የሥዕሉ ፋይል ስም በትልቁ የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ኮዱ ውስጥ በትንሹ ጽፌዋለሁ። ዊንዶውስ አይለይም፤ ኤክስፖርት የተደረገ ጨዋታ ግን ይለያል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ነው መሰል ይቺን ሁሌ እረሳታለሁ። እንደገና። ታክሲው መጣ፤ ድምፅ የለም። ብሮውዘር ተጫዋቹ አንዴ ሳይነካ ድምፅ አያሰማም፤ «ለመጀመር ይንኩ» የሚል ገጽ ከፊት ማስቀመጥ ይበቃል። አስቀመጥኩ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ጨረስኩ፤ መጫን ብቻውን ግን አያስመዘግብም፤ ለጃሙ ማስረከቢያው ሌላ ቁልፍ ነው። እሱን የተጫንኩት ከአንድ ደቂቃ በታች ሲቀር ነው።

ትንፋሼን ሰብስቤ ጨዋታውን እንደ ሰው ከፈትኩት።

ሳጥን። አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን ነው። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ አራት ሳጥን ትጮኻለች። ጎዶት አብሮት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ላፕቶፔ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ የነበረው ከኮምፒውተሩ ፎንት እየተበደረ ነው። ብሮውዘር ውስጥ የሚያበድረው የለም። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገብቶ ዋና ፎንት ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ክብደቱም ጥቂት መቶ ኪሎባይት ነው። ያ ሌሊቱን ሙሉ ሥዬ የጣልኩት ፊደል እንኳ ፕሮጀክቱ ውስጥ ስለሚገባ ያለ ምንም ችግር ይታይ ነበር። «ሰገር» ይሻለኝ ነበር።

ቁጥሮቹ ግን በደንብ ስለሚታዩ መጫወት ይቻላል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ድምፅ ተሰጥቶ እስኪያልቅ መነካካት አይፈቀድም። ሳምንቱን ሙሉ ዳኛ የሆኑትን ተጫዋቾች አስተያየት በአንድ ዓይኔ ሳነብ ከረምኩ። አንዱ «ሰው ሲጮኽብህ ቃሉ እንደማይሰማህ በሳጥን መግለጽህ ድንቅ ነው» ይላል። ሌላው ሳጥኖቹ የከተማ ብቸኝነት ናቸው ብሎ ሦስት አንቀጽ ጽፏል። በፈጠራ ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቶኛል።

ድምፅ መስጠቱ እንዳለቀ ፎንቱን አስገብቼ ጫንኩት። ሴትዮዋ አሁን በንጹሕ አማርኛ «መልሴን!» ትላለች። በነጋታው ያው ባለ ሦስት አንቀጹ ሰውዬ አንዲት መስመር ጽፎልኛል፤ ወደ አማርኛ ስትመለስ እንዲህ ትላለች፦ «ሳጥኖቹን መልስ!»