ከቦሌ እስከ ደለስ በክር ሲለካ

በ2008 ዓ.ም. እናቴ እህቴን ልታርስ ወደ ዋሽንግተን ለመሄድ ትኬት ተቆረጠላት። አውሮፕላኑ ደብሊን ላይ ነዳጅ እንደሚቀዳ ስነግራት ቅር አላት። "አሜሪካ ልሂድ ስል አየርላንድ ምን ወሰደኝ? ዙሪያ ጥምጥም እኮ ነው! ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?" አለችኝ። እናቴ የደሴ ልጅ ናት፤ ሩቅ መንገድ የምትለካው ከደሴ አዲስ አበባ ባለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መጀመሪያ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ማስመሪያ አጋደምኩ። መስመሩ ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን አቋርጦ አትላንቲክ ገባ። ደብሊን ወደ ላይ ርቃ ቀረች። እናቴ እውነቷን ነው አልኩ።

ቁጥሩን ግን በስሌት ማግኘት ፈለግኩ። ቦሌ 8.98 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ ላይ ነው፤ የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ደግሞ 38.94 ሰሜን፣ 77.46 ምዕራብ። የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን ታባዛለህ። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይን ከኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን ጋር አባዝተህ ትደምርበታለህ። የሚወጣው ከምድር መሃል ሲታይ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ማዕዘን ኮሳይን ነው። ካልኩሌተሩ ማዕዘን በዲግሪ እንዲቀበል መስተካከሉን አይቼ ሠራሁት፤ 5,085 ኪሎ ሜትር ወጣ። ለንደን እንኳ ከዚያ ይርቃል! ምዕራብ የሚለውን ዘንግቼ 38.80ን ከ77.46 ቀንሼ ኖሯል። 77.46ን ምሥራቅ ብሎ ካርታ ላይ የፈለገ ሰው የሚደርሰው ምዕራብ ቻይና፣ ካሽጋር አካባቢ ነው። ሁለቱ ኬንትሮስ ከዜሮ በሚጀምርበት በግሪኒች መስመር ግራና ቀኝ ስለሆኑ መደመር ነበረባቸው፦ 116.26። አሁን ማዕዘኑ 104 ዲግሪ ሆነ። አንዱ ዲግሪ በምድር ላይ 111.2 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ርቀቱ 11,560 ገደማ ነው።

አንዴ ስለተሳሳትኩ ሁለተኛውንም አላመንኩትም። የልጄን ሉል አወረድኩና የልብስ ስፌት ክር አመጣሁ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣቴ ይዤ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ወጠርኩት። ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ተንሸራተተ፤ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አለፈ። ልኬቱ 27 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሉሉ ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር፣ ምድር ደግሞ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሲባዛ ወደ 11,500 ይጠጋል። ጠፍጣፋ ካርታ ወደ ዋልታ በቀረበ ቁጥር አገሩን ስለሚለጥጥ በማስመሪያ ያየሁት መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ያስገረመኝ የደብሊኑ ነው። ከቦሌ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን ደለስ 5,465፣ በጠቅላላው 11,830። የተጨመረው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! (አውሮፕላን በተመደበለት የአየር መስመርና እንደ ነፋሱ ስለሚበር ትክክለኛው ጉዞ ትንሽ ይለያል።) ማረፉም በምክንያት ነው፤ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ አየሩ ስስ የሆነ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅና ጭነት ይዞ መነሣት ይከብዳል። ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ እናቴ ስትመለስ ሳታርፍ ቀጥታ ገባች።

ያን ዕለት ማታ "ሃያ ዘጠኝ ጊዜ የደሴ መንገድ ነው" አልኳት። ክሩን ተቀበለችኝና መነጽሯን አድርጋ ራሷ ሉሉ ላይ ወጠረችው። በሌላኛው እጇ ጣት ደብሊንን ነካች፤ ከክሩ ያላትን ርቀት ዝም ብላ አየች። "በል እንግዲህ፣ ከመንገዱ ብዙም አልወጣች" አለች፤ ክሩንም ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።