ጃዝ ከድራም ኤንድ ቤዝ ጋር፦ የከበሮው ነገር በመጨረሻ መስመር ያዘ

ጃዝን ከድራም ኤንድ ቤዝ (በፈጣን የተቆራረጠ ከበሮና በወፍራም ቤዝ ላይ ከሚቆመው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ) ጋር የሚያዋህደው አልበሜ ከበሮው መስመር ስለያዘ፣ የሠራልኝን ዘዴ እዚህ ላስቀምጥ። ስለ ኮርዶቹ ብዙ አልልም። ሮድሱ (ኤሌክትሪክ ፒያኖው) ላይ ሩቱን (የኮርዱን መነሻ ኖታ) ለቤዙ ትታችሁ ሦስተኛውን፣ ሰባተኛውንና ዘጠነኛውን ያዙ፤ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡት። ቴምፖው 172 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) ነው። አሳር ያበላው ብሬኩ (ከድሮ ዘፈን ተቆርጦ የሚደጋገመው የከበሮ ሶሎ) ነው።

ሁሉም የሚያውቀው ብሬክ (አሜን ብሬክ)፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የዊንስተንስ ባንድ ከበሮ መቺ ግሪጎሪ ኮልማን የመታው አራት ባር፣ 137 ቢፒኤም አካባቢ ነው። በታይም ስትሬች (የድምፁን ቅጥነት፣ ማለትም ፒቹን፣ ሳይነኩ ፍጥነቱን በመቀየር) ወደ 172 ሲሳብ የስኔሩ (ስል ድምፅ ያለው ከበሮ) ጫፍ ይሟሟል፣ ሲምባሉም ይንቀጠቀጣል። እንደ ድሮው ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅ ማጫወቻ መሣሪያ) ፍጥነቱንና ፒቹን አብራችሁ ከፍ አድርጉ፤ በ4 ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) 137 የነበረው 172.6 ይሆናል። ስኔሩ መቅጠኑ አይቀርም፤ 200 ኸርዝ ላይ ሥጋ ያለው ሌላ ስኔር በስሱ ደርቡበት።

ጣጣው የሚጀምረው ሲቆራረጥ ነው። በ1/16 ግሪድ (ጊዜውን እኩል በሚከፋፍሉት መስመሮች) ከቆረጣችሁት፣ ከግሪዱ ቀደም ብለው የሚገቡት ጎስት ኖቶች (በስሱ የሚመቱት የስኔር ምቶች) ጭንቅላታቸው ያለፈው ቁራጭ ላይ ይቀራል፤ ሲጫወትም ጠቅ ጠቅ ይላል። በትራንዚየንት (እያንዳንዱ ምት በሚነሳበት ነጥብ) ቁረጡት። ከዚያ የወጣውን ሚዲ (የኖታ መረጃ) ኳንታይዝ ማድረግ (ግሪዱ ላይ ልክ ማሰለፍ) ያምራችኋል፤ እጃችሁን ሰብስቡ! በ172 አንድ አሥራ ስድስተኛ 87 ሚሊሰከንድ ነው። መቺው ወደ ኋላ የሚጎትታት ሰባት ስምንት ሚሊሰከንድ ብትሆን ነው፤ ኳንታይዝ መጀመሪያ የሚበላው እሷን ነው።

«ጃዝ ስለሆነ» ብሎ 66% ስዊንግ (ከየጥንዱ ሁለተኛውን ምት ማዘግየት፤ 50% ቀጥ ያለው ነው) መጫን ደግሞ የባሰ ነው። ምቱ 28 ሚሊሰከንድ ይዘገይና ብሬኩ ያነክሳል። ለምን ቢባል፣ የ172 አሥራ ስድስተኛ በ344 የሚጫወት ባንድ ስምንተኛ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ጃዙም ራሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከ54% አትለፉ። ከሱም የሚሻለው ኤብልተን ላይቭ (የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር) ውስጥ የብሬኩን ግሩቭ (የምቶቹን አወራረድ) አውጥቶ ሮድሱና ሃይ-ሃቱ ላይ መጫን ነው፦ ታይሚንግ 65%፣ ራንደም 0። ሮድሱ ብሬኩን ይከተል እንጂ ብሬኩ ሮድሱን አይከተልም።

ኮምፕረሰሩን (ጮክ ያለውንና ዝግ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበውን) በቀጥታ ብሬኩ ላይ አታሳርፉት። ጎስት ኖቶቹ ከዋናው ስኔር እኩል ይወጡና መትረየስ ይሆናል። የብሬኩን ቅጂ በኮምፕረሰር ጨፍልቃችሁ 10 ዲሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ከሥሩ አስገቡት።

እንደኔ ከሆነ የሎፕ (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ተደጋጋሚ ምት) ጥቅል ከመግዛት ከበሮ መቺ ጠርቶ በ137 አስመትቶ በ4 ሴሚቶን ማሳደግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የመርኩሪ ሽልማት የወሰዱት የብሪስቶሎቹ የድራም ኤንድ ቤዝ ሙዚቀኞች ሮኒ ሳይዝና ሬፕራዘንት እኮ ኮንትራባስም (ትልቁ ባለ ክር ቤዝ) ከበሮ መቺም ነበራቸው።

ኮንትራባሱን ከ100 ኸርዝ በታች ቆርጣችሁ ሳይን ሰብ (ንጹህ፣ በጣም ዝቅ ያለ የኤሌክትሮኒክ ቤዝ) ተኩበት። ሰቡን ግን በየሩብ ምቱ አታስኬዱት፤ ዝቅተኛው ሚ 41 ኸርዝ ስለሆነ በ349 ሚሊሰከንድ ውስጥ 14 ዙር ብቻ ዞሮ ይቆረጣል፣ ድምፁም ጭቃ ይሆናል። በግማሽ ኖታ ይሂድ፣ ከላይ ያለው ኮንትራባስ እንደልቡ ይራመድ። ኮንትራባስ ፍሬት (ኖታዎቹን የሚለዩት የአንገቱ መስመሮች) ስለሌለው ሁለቱ ሲፋጩ ከተሰማችሁ የኮንትራባሱን ፒች አስተካክሉ፤ ሰቡን አትንኩት።

ሳክስፎኑ ገና ነው። ሪቨርብ (ማስተጋባት) ሲጨመርበት ጅራቱ ጎስት ኖቶቹን ይውጣቸዋል። ፕሪ-ዲሌዩን (ሪቨርቡ እስኪጀምር ያለውን ክፍተት) 87 ሚሊሰከንድ ማድረግ ትንሽ አስተንፍሶታል፤ ሪቨርቡን ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ መቁረጥ ግን ድምፁን አደነዘዘው። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ወዲህ በሉ።