ዮርክሻየር ፑዲንግን ኩፍ ለማድረግ፦ ከሃሊፋክስ ወጥ ቤቴ የተገኘ ልምድ

ባለፈው እሑድ ከኦቨን ያወጣኋቸው ዮርክሻየር ፑዲንጎች ከትሪው አፍ በላይ ከፍ ብለው፣ ጠርዛቸው ጠይሞና ሲነከስ የሚኮረሸም ሆኖ፣ መሐላቸውም መረቅ ለመያዝ ጎድጎድ ብሎ ስለወጡልኝ፣ ደስታዬ ሳይበርድ የተማርኩትን ላካፍላችሁ ወደድሁ። የምኖረው በምዕራብ ዮርክሻየር፣ ሃሊፋክስ ከተማ ነው። በዚህ አካባቢ የእሑድ ምሳ ሲባል በኦቨን የተጠበሰ ሥጋ፣ ድንች፣ አትክልትና መረቅ ነው፤ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዱቄት የሚሠራው ይህ ፑዲንግ ከሌለበት ግን ገበታው እንደጎደለ ይቆጠራል። የእንግሊዝን የቤት ምግብ ስማር ብዙ ጊዜዬን የወሰደው እርሱ ስለሆነ፣ የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ እርሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በአጭሩ ልለፋቸው። የአትክልት ሾርባ፣ ኮቴጅ ፓይ (የተፈጨ ሥጋ ላዩ በተፈጨ ድንች ተሸፍኖ በኦቨን የሚበስል)፣ በቀስታ የሚበስለው የበሬ ሥጋ ስትው፣ እነዚህ ሁሉ ወጥ መሥራት ለለመደ ሰው አይከብዱም፤ ሽንኩርት በትዕግሥት ማቁላላት የሚችል እጅ እዚህም ሥራውን ያውቃል። ድንቹ ግን ምርጫ ይፈልጋል። ማሪስ ፓይፐር ወይም ኪንግ ኤድዋርድ የሚባሉትን ዱቄታማ ዓይነቶች ልጦ፣ ጠርዛቸው መፈራረስ እስኪጀምር ቀቅሎ፣ ውሃውን አጥልሎና ድስቱን ከድኖ መነቅነቅ፣ ከዚያም በጋለ ስብ ላይ መጨመር ነው፤ ሲነቀነቅ የሻከረው ገጽ ነው በኋላ የሚደርቀውና የሚጣፍጠው። ሥጋውን በተመለከተ፣ በ1896 በተከፈተው የሃሊፋክስ የቤት ውስጥ ገበያ ለሥጋ ሻጩ ስንት ሰው እንደሚበላ ነግሮ ማስቆረጥ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ከተቀመጠው ከመግዛት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለጀማሪ ቶፕሳይድ የሚባለው የታፋ ሥጋ ይበቃል።

አሁን ወደ ሊጡ። እኔ የምለካው በሚዛን ሳይሆን በብርጭቆ ነው፦ እንቁላሎቹን ብርጭቆ ውስጥ ሰብሬ የደረሱበትን ልክ አያለሁ፤ ከዚያ በዚያው ልክ ፉርኖ ዱቄት፣ በዚያው ልክ ወተት፣ ጥቂትም ጨው እጨምራለሁ። የእንቁላል መጠን ከካርቶን ካርቶን ስለሚለያይ፣ በግራም የተጻፈ አሠራር አንድ ቀን ሊጡን ያቀጥነዋል፣ ሌላ ቀን ያወፍረዋል፤ በብርጭቆ ሲለካ ግን ሁሉም እንቁላሉን ተከትሎ ይስተካከላል። ይህን ዘዴ አጥብቄ እመክራለሁ። ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት ዱቄት ደግሞ በፍጹም አይሆንም።

ለምን አይሆንም ቢባል፣ ይህን ሊጥ የሚያነሣው እንፋሎት ስለሆነ ነው። የእንጀራ ሊጥ የሚነፋው በመፍላቱ ነው፤ ይህኛው ግን አይፈላም፣ ቢያድርም የሚያርፈው ዱቄቱ ፈሳሹን በደንብ እንዲጠጣ ብቻ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ሊጡ ከጋለው ስብ ጋር እንደተገናኘ ዳርዳሩ ወዲያው ይጠብቃል፤ መሐሉ ያለው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ፣ የእንቁላሉን ፕሮቲንና የዱቄቱን ግሉተን እየለጠጠ ወደ ላይ ይገፋቸዋል፤ በመጨረሻም ሙቀቱ ግድግዳውን አድርቆ እንዲቆም ያደርገዋል። ስቡ ካልጋለ ዳሩ አይጠብቅም፣ ኦቨኑ ከቀዘቀዘ እንፋሎቱ አይበረታም፣ ግድግዳው ሳይደርቅ የኦቨኑ በር ከተከፈተ ደግሞ የተነሣው ሁሉ ሟሽሾ ይቀራል። ሰዎች ስለ ሊጡ አሠራር ሲከራከሩ ስሰማ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው፤ አንዱ ውሃ ጨምሩ፣ ሌላው እንቁላሉን ለብቻው ምቱ ይላል፤ ጉዳዩ ግን ከሊጡ ይልቅ የእሳቱ ነው።

ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝም ይኸው እሳት ነበር። የምከራየው ቤት ኦቨን መዘውሩ 220 ዲግሪ እያሳየ ውስጡ 190 እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። ይህን ያወቅሁት ከመደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ከገዛሁ በኋላ ነው፤ እዚህ አገር ለወጥ ቤት ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ እርሱን አስቀድማለሁ። ውድ ድስትና የመፍጫ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ግዙ። ፑዲንጉ የሚፈልገው 220 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባለ ማራገቢያ ኦቨን ከሆነ 200 ይበቃል፤ በጋዝ ኦቨን ቁጥር 7 ማለት ነው። ትሪውም የብረት ይሁን፤ የሲሊኮን ቅርጽ ሙቀት ስለማያስተላልፍ ለዚህ ሥራ አይረባም።

ስቡን በተመለከተ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። በየጉድጓዱ አንድ የሻይ ማንኪያ የቀለጠ የበሬ ሞራ ያደርጉና ትሪውን ኦቨን ውስጥ አስገብተው፣ ስቡ ብልጭ ብልጭ ማለትና ቀጭን ጭስ ማሳየት እስኪጀምር ይጠብቃሉ። ከዚያ ትሪውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡትም፤ በቀጥታ የበራ ምድጃ ላይ ይጥዱታል፤ ሊጡንም ባለ እጀታ ማሰሮ ይዘው ከዳር ጀምረው ሳይቆሙ ይቀዱታል። የመጀመሪያው ጠብታ ሲነካው ቸስ ይላል፣ ዳሩም ወዲያው ነጭ ሆኖ ይጨማደዳል። «ካልጮኸ አትቅዳው፣ መልሰህ አግለው» አሉኝ። እኔ ትሪውን ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አሳርፌ በማንኪያ እየለካሁ ስጨምር፣ አንዱን ጉድጓድ ሞልቼ ወደ ሌላው ስደርስ የመጨረሻዎቹ ስቦች በርደው ይጠብቁኝ ነበር።

የሱፍ ዘይትም ይሠራል። ተራ ቅቤ ግን ቶሎ ያራል። ንጥር ቅቤ ከጓዳዬ ስለማይጠፋ እርሱንም ሞክሬዋለሁ፤ ከተነጠረ ወዲያ ትኩሳቱን በሚገባ ይችላል፣ ፑዲንጉም ተነሥቷል፤ ነገር ግን የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ከበሬ ሥጋ መረቁ ጋር ስላልተስማማልኝ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛው ችግር አንድ ኦቨን ለሦስት ነገር ማዳረስ ነው። ሥጋው ለዘብ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፣ ድንቹ ከፍ ያለ፣ ፑዲንጉ ደግሞ ከሁሉም የበለጠና በር የማይከፈትበት ጊዜ ይፈልጋል። መፍትሔው ሥጋው ራሱ ውስጥ ነው፤ የተጠበሰ ሥጋ ከወጣ በኋላ በፎይል ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ማረፍ ስላለበት፣ ያ ጊዜ የፑዲንጉ ነው። ሥጋውን አውጥቼ ሙቀቱን ከፍ አደርጋለሁ፣ ድንቹን ወደ ታችኛው መደርደሪያ አወርዳለሁ፣ ትሪውን ከላይ አስገብቼ ለ20 ደቂቃ በሩን አልነካም፤ ማየት ካማረኝ መብራቱን አብርቼ በመስታወቱ አያለሁ። ከተነሡም በኋላ ቀለማቸው ስላማረ ብቻ አላወጣቸውም፤ ተጨማሪ አምስት ደቂቃ ግድግዳቸውን ያጸናዋል።

ከሥጋው ጋር ያላቸው ዝምድና የቆየ ነው። ጥንት ሥጋው በእሳት ፊት እየተሽከረከረ ሲጠበስ ሊጡ ከሥሩ ይቀመጥና የሚንጠባጠበውን ስብ ይጠጣ ነበር፤ ሐና ግላስ የተባለችው የምግብ አሠራር ጸሐፊም በ1747 ዮርክሻየር ፑዲንግ ብላ አሳትማዋለች። በ2008 ደግሞ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ኬሚስትሪ የተባለው የብሪታንያ የኬሚስቶች ማኅበር፣ ቁመቱ ከአራት ኢንች ያነሰ ፑዲንግ በዚህ ስም ሊጠራ አይገባውም ብሎ ነበር፤ ይህም አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእኔዎቹ ገና እዚያ አልደረሱም። ሆኖም ቁመትን ብቻ ማሳደድ ተገቢ አይመስለኝም፤ ጎድጓዳ ካልሆነና ሥሩ ለስለስ ካላለ መረቅ አይዝም።

በሥራ ቀናት ግን ይህን ሁሉ አላደርግም። ከሱፐርማርኬት የቀዘቀዙትን ገዝቼ ለጥቂት ደቂቃ አሞቃለሁ፣ መረቁንም በፈላ ውሃ ከሚበጠበጠው ቢስቶ አዘጋጃለሁ። ይህን የምጽፈው፣ ሁልጊዜ ከባዶ ካልሠራችሁ አልተማራችሁም የሚሉትን ሰዎች ስለማልስማማቸው ነው።

ከቤት ውጭ መብላትም የትምህርቱ አካል ነው። ፐብ በሚባለው መጠጥ ቤት ውስጥ የእሑድ ምሳ ለመብላት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤቶች ወጥ ቤታቸውን ከሰዓት በኋላ ቀደም ብለው ይዘጋሉ፤ በብዙዎቹም የጠረጴዛውን ቁጥር ይዞ ባንኮኒው ድረስ ሄዶ ማዘዝ ነው። ሳህኑ ሲመጣ ፑዲንጉን አንሥታችሁ ሥሩን እዩት፤ ዘይት ካቆረ ስቡ በደንብ አልጋለም ነበር ማለት ነው። ጎረቤቴ እንደሚሉት በልጅነታቸው ፑዲንጉ ከሥጋው በፊት ከሽንኩርት መረቅ ጋር ለብቻው ይቀርብ ነበር፤ ሆድ አስቀድሞ ሲሞላ ጥቂቱ ሥጋ ለሁሉም ይዳረሳል። አሁን እኔም ቤቴ እንዲሁ አቀርባለሁ፤ ገና ትኩስ እያለ ስለሚበላም ጣዕሙ ይበልጣል።

የምትጾሙ ወገኖቼ ይህን ልብ በሉ። በዮርክሻየር ብዙ የፊሽ ኤንድ ቺፕስ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው፤ ስለዚህ ዓሣውን ትታችሁ ድንቹን ብቻ ብታዝዙም ጾም አይደለም። በምን እንደሚጠብሱ ጠይቁ፣ ሳይቀየሙ ይነግሯችኋል፤ በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም አሉ። የሕንድ ዓይነት ምግብ የሚያቀርቡት የካሪ ቤቶች ምስርም ብዙ ጊዜ ቅቤ ስለሚገባበት መጠየቅ ይፈልጋል። እኔ በጾም ቀን ካፌ ስገባ የማዝዘው ከነልጣጩ በኦቨን የበሰለ ድንች በቲማቲም ስጎ ከተሠራ ቦሎቄ ጋር ነው፤ ቅቤ እንዳይቀቡበት አስቀድሜ እናገራለሁ። በሁዳዴ 55 ቀናት ፑዲንጉ ራሱ ስለማይሠራ፣ ከፋሲካ በኋላ ስመለስ እጄ የሚረሳው የመቅጃውን ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው እሑድ ለእንግዳ አልሠራም።

ቀጥዬ የምሞክረው ቋሊማ በዚሁ ሊጥ ውስጥ የሚጋገርበትን ቶድ ኢን ዘ ሆል ነው። ሰፊ ትሪ ስለሚፈልግ ሙቀቱን እኩል ማዳረሱ ያሳስበኛል፤ በተለይ በቅርቡ የምገባበት ቤት ኦቨኑ ጋዝ ነው፣ የጋዝ ኦቨን ደግሞ ላዩ ከታቹ ይበልጥ ይሞቃል። በጋዝ የምትሠሩ ካላችሁ ትሪውን በየትኛው መደርደሪያ እንደምታስቀምጡና ቋሊማውን ሊጡ ከመግባቱ በፊት ምን ያህል እንደምታጠይሙት ጻፉልኝ።