ድራጎን ካርታ ላይ ስንት ካሬ ይይዛል? እኔ የማደርገው እንዲህ ነው

ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን (ጠረጴዛ ዙሪያ ገጸ ባሕርይ እየሆኑ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ) የሚያጫውቱ ብዙ ሰዎች የጭራቁን ጉልበትና የምቱን ኃይል አስልተው ያስቀምጡና የሚቆምበትን ቦታ ችላ ይሉታል። ለእኔ ግን የውጊያው ግማሽ እሱ ነው።

የምናጫውተው በ2014ቱ ደንብ ነው። ካርታው ላይ 1 ኢንች የሆነው አንድ ካሬ 5 ጫማ ነው። ሰው አንድ ካሬ ይይዛል፣ ኦግር (ግዙፍ ሰው መሰል ጭራቅ) እና ፈረስ 2 በ2፣ ጎልማሳ ቀይ ድራጎን 3 በ3፣ ጥንታዊው ደግሞ 4 በ4 ወይም ከዚያ በላይ።

አዲስ ተጫዋች ሁሌ "ፈረስ እንዴት 10 ጫማ ይሰፋል?" ይላል። አይሰፋም። ካሬው የሰውነት ልክ አይደለም፤ እየዞረና እየተራገጠ በውጊያ ውስጥ የሚቆጣጠረው ቦታ ነው። ሰውስ መች 5 ጫማ ወርድ አለው? በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ፈረስን 5 በ10 አድርጎት ነበር፣ በ2003 ሲሻሻል እኩል ጎን ሆነ። ጥሩ አደረጉ፤ "ፊቱ ወዴት ነው?" የሚለው ጭቅጭቅ ቀረልን።

ለድራጎኑ 3 ኢንች በ3 ኢንች ካርቶን ቆርጬ ዘጠኙን ካሬ በማርከር አሰመርኩበት። ከዚያ ከላስቲክ ሌላ ትልቅ ቆረጥኩ። የጭራው ምት 15 ጫማ ስለሚደርስ በየጎኑ ሦስት ሦስት ካሬ ሲጨመር 9 በ9 ይሆናል። ያን ላስቲክ ጠረጴዛው ላይ ሳነጥፈው ሁሉም ዝም አሉ፤ አደጋውን ያዩት ያኔ ነው።

ደንቡ በመጠን በሁለት ደረጃ በሚበልጥህ ጠላት ቦታ ውስጥ ማለፍ ይፈቅዳል። ማለትም ሰው በድራጎኑ ሆድ ሥር መሮጥ ይችላል! ግን እዚያ መቆም አይቻልም፣ እርምጃውም እጥፍ ያስከፍላል። መሃል ለመሃል ሦስት ካሬ 30 ጫማ ይበላል፣ መውጫው 5 ይጨምራል፣ ድምሩ 35። በአንድ ተራ 30 ጫማ ብቻ የሚሄድ ሰው ዳሽ ካላደረገ (በመምታት ፈንታ ተጨማሪ ካልሮጠ) አይወጣም። ይህንን ቀድሜ ስለምናገር ተጫዋቾቼ ምርጫውን አውቀው ነው የሚወስኑት፤ የሚወስነውም ሰው ሲሮጥ ሌላው ሁሉ ከወንበሩ ይነሳል፣ ይህን የመሰለ ደስታ በቁጥር ብቻ አይገኝም።

ሌላው ግድግዳው ነው። ሜዳ ላይ ድራጎኑን 16 ሰው ሊከበው ይችላል። ጥግ ይዞ ከቆመ አጠገቡ የሚቀረው 7 ካሬ ብቻ ነው። ሁለት ካሬ በሚሰፋ ኮሪደር ውስጥ ደግሞ ተጨናንቆ ነው የሚገባው፤ የሚመቱት አድቫንቴጅ (ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ የሚበልጠውን መውሰድ) ያገኛሉ፣ እሱ ይቸገራል። አንድ ካሬ በሆነው ጭራሽ አይገባም፤ እሳቱ ግን 60 ጫማ ስለሚደርስ እዚያ መደበቅ ዋስትና አይደለም።

ስለዚህ አሁን ካርታ ስስል መጀመሪያ ካርቶኑን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ግድግዳውን በዙሪያው እስላለሁ፣ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ መውጫ እተዋለሁ። በየትኛው እንደሚሮጡ የተጫዋቾቹ ፈንታ ነው።