ከሐረጎ እስከ ጋሸና፦ ዳታ ፍለጋ በወሎ

ኮምቦልቻ ላይ ስልኬ 4ጂ ያሳያል። ደሴም ላይ እንደዚያው። መሃል ላይ ግን ሐረጎ አለ። ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር የሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር የስልኩ ምልክትም ይቀያየራል። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ከእጮኛዋ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። ታጠፍን፣ ምስሉ ደረቀ። ቀና ስንል ተመለሰ። እንደገና ታጠፍን። «አሁንስ በዛ!» አለች። ረዳቱ ዞር ብሎ፣ «እህቴ፣ ሐረጎ ላይ ድምፁ ከተሰማ ማሻአላህ ነው። ቪዲዮውን ደሴ ታደርሺዋለሽ» አላት።

ልክ ነው። የስልክ ሞገድ ግድግዳና ቅጠል እያዳከመውም ቢሆን ያልፋል፤ ተራራ ግን አያልፍም። ወሎ ደግሞ ተራራና ገደል ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ላይ ዋናው ጥያቄ «ስንት ጊጋ ገዛህ?» አይደለም። «የት ቆመሃል?» ነው።

የምሄደው አክስቴ ዘንድ፣ ከውጫሌ በላይ ወዳለች የአምባሰል መንደር ነው። ከዚያ ላሊበላ እቀጥላለሁ። ችግሩ አርሜ የማስረክበው አንድ ሪፖርት ነበረኝ። ላፕቶፕ አልያዝኩም፤ መጻፉም ማረሙም በስልክ ነው። ቢሮው «ዋይፋይ ያለበት ሆቴል እረፍ» ብሎኛል። አክስቴን ሆቴል ነሽ ወይ ልበላት?

ደሴ ፒያሳ ላይ ቡና እየጠጣሁ ተዘጋጀሁ። *999# ደውዬ የሳምንት ፓኬጅ ገዛሁ። ያለ ፓኬጅ ዳታ የከፈተ ሰው የሞላው ካርድ የት እንደገባ ሳያውቅ ያልቅበታል። ቴሌግራም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ዘጋሁት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይሄ ነው፤ ያለዚያ አንድ የዘመድ ግሩፕ የሠርግ ቪዲዮ ሲለቅ ፓኬጁ አብሮ ይሄዳል። የአካባቢውን ካርታ አስቀድሜ አወረድኩ። ጂፒኤስ የሚሠራው በሳተላይት ስለሆነ፣ ካርታው ስልኩ ላይ ካለ ዳታ አይፈልግም። ሁለተኛም ሲም ጨመርኩ። ከ2015 ወዲህ ባለ 09 ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሳፋሪኮም ባለ 07ም አለ፤ አንዱ ያልደረሰበት ሌላው ሊደርስ ይችላል። ዳታው በየትኛው ሲም እንደሚሄድ ግን ቅንብር ውስጥ ገብቶ መምረጥ ያስፈልጋል።

ደሴ ላይ ስለ ኔት ከተወራ የ2015 ክረምት መነሳቱ አይቀርም። ያኔ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ሱቅ አላቸው። «እኔ በቴሌብር ብር የማዘዋውረው በ*127# ነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ መተግበሪያውን አላምነውም» አሉኝ። ሰውዬው የያዙት ነገር አላቸው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ሲሆን፣ መተግበሪያው ኢንተርኔት ይፈልጋል። በኮከብና በመሰላል የሚደወለው ግን የሚሄደው በስልኩ መስመር ስለሆነ ዳታ አይጠይቅም። የቀፎው ዓይነትም ለውጥ የለውም። ሐይቅ ከተማ ላይ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በልቼ የከፈልኩት እንደዚያ ነው።

ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦሩ ሜዳን አልፎ ይደረሳል። ሐይቁ ዳር ኔቱ ፏ ያለ ነበር። ሜዳና ውሃ ሞገድ አይከለክሉም። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ከማዶ ይታያሉ። ሪፖርቱን እዚያው ልልከው ነበር፤ ግን አላለቀም። ስለዚህ ወደ ውጫሌ፣ ስሟ ከ1881ዱ ውል ጋር ወደሚነሳው ከተማ ቀጠልኩ። ከዚያ በእግር ሽቅብ።

አክስቴ ቤት ስደርስ ስልኩ «አገልግሎት የለም» ይላል። «አብሽር ልጄ፣ ኔትወርኩ ከላይ ነው ያለው» አለችኝ፣ ውሃው ከምንጩ ነው እንደማለት። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ መነሳት የሚባል ነገር የለም። ዱዓው ተደርጎ፣ ቄጠማው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ከጠየቀኝ በኋላ ልጇ ተነሳ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። «መርሐባ፣ እንሂድ ጋሼ» አለኝ።

ከቤቱ ጀርባ ያለውን ተረተር ወጣን። ጫፉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ በቁመት የወገቤን ያህል። ሁለት ሰዎች ቆመው ይደውላሉ። አንዲት ሴትዮ አረብ አገር ካለች ልጇ የመጣ የድምፅ መልእክት ትሰማለች። የተረተሩ ወዲያኛው ፊት ወደ ዋናው መንገድ ነው፤ ታወሩም የቆመው በዚያ በኩል ነው። ከድንጋዩ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ካልክ ይጠፋል። ልጁ ሁሉንም ያውቀዋል። «ጠዋት ይሻላል። ማታ ሁሉም ሰው ስለሚከፍት አይሄድም» አለኝ። ይሄን ከማንም መሐንዲስ እኩል ገልጾታል። የአንድ ታወር አቅም እዚያ ላይ ለተንጠለጠለው ሰው ሁሉ ይከፋፈላል። ላሊበላ በገና፣ ግሸን በመስከረም 21 ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጽ አልከፍት የሚለውም በዚህ ነው። ስልኩ ላይ ያሉት የምልክት መስመሮች የሚያሳዩት ታወሩ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማህ ነው፤ ስንት ሰው ፊትህ እንደተሰለፈ አያሳዩም።

ሌላም ነገር አለ። ድንጋዩ ላይ የቢሮው መልእክቶች ገቡልኝ፤ የእኔ ፋይል ግን አልወጣም። ታወሩ በአስር ዋቶች በሚቆጠር ኃይል ይናገራል፤ ስልክ 4ጂ ላይ ቢጮህ ቢጮህ ከ0.2 ዋት ገደማ አያልፍም። እሱን ትሰማዋለህ፤ እሱ አይሰማህም። በዚህ ላይ ስልኩ እንዲሰማ ባለ በሌለ ኃይሉ ስለሚልክ ባትሪው ዓይንህ እያየ ይወርዳል። መንደሩ ውስጥ፣ ምንም በማይገኝበት ቤት፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ መተው ብልህነት ነው። ፓወር ባንክ ያልያዘ ሰው ደግሞ የአክስቴን ሶላር ለመብራትም ለስልክም ይሻማል። እኔ አልተሻማሁም፣ ይዣለሁ።

ሪፖርቱ ከነፎቶዎቹ 40 ሜጋባይት ነው። ስልኩ 4ጂ እያሳየ ይቆራረጣል። ቅንብር ውስጥ ገብቼ ወደ 3ጂ አወረድኩት። ከሚያነክስ 4ጂ የረጋ 3ጂ ይሻላል። ትንሽ ቆይቶ እሱም ጠፋና የላቲኑ «ኢ» መጣ፣ 2ጂ ማለት ነው። በዚያ መንገድ 40 ሜጋባይት ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ፎቶዎቹን አውጥቼ ጽሑፉን ብቻ ለየሁት። ከአንድ ሜጋባይት በታች ሆነ። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ድንጋዩ ላይ ወጣና እጁን ዘረጋ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሄደ!

ፎቶዎቹ ቀሩ። በማግስቱ መርሳን አልፌ ወልድያ ምሳ በላሁ፤ እዚያ መላክ ይቻል ነበር፣ ግን መብራት ጠፍቶ ኔቱም አብሮ ደክሟል። ታወርም መብራት ይፈልጋል። መጠባበቂያ ባትሪው ሲያልቅና ጀነሬተር ከሌለ እሱም እንደ ቤታችን ነው። መኪናው አይጠብቅም፤ ተነሳን። ከድልብ በላይ ያለው ዳገት ሐረጎን ያስንቃል። እዚያ ላይ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ገደሉን አየሁ፤ በነገራችን ላይ ኔት የሚጠፋበት መንገድ ሁሉ መልኩ ያምራል። ጋሸና ግን ሌላ ነው። ቀዝቃዛ፣ ነፋሻ፣ ሜዳ የሆነ ደጋ። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ቆሜ ፎቶዎቹን ለቀቅኳቸው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቁ። ቢሮው «ደርሶናል» አለ።

ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ማታ ሆቴል ስገባ *804# ብዬ ቀሪዬን አየሁ። ከፓኬጁ ከግማሽ በላይ ተርፏል። የሆቴሉ ዋይፋይ ያን ማታ አይሠራም ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ለአንድ ቱሪስት ፎቶ መላክ ፈልጎ ሲቁነጠነጥ በእኔ ዳታ እንዲጠቀም የስልኬን ሆትስፖት ከፈትኩለት። «አላህ ይስጥልኝ፣ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ወንድሜ» አለ። ፎቶውም ሄደለት። የእሱ ስልክ ግን ሆትስፖቱን እንደ ዋይፋይ ቆጥሮት ኖሯል፤ ለወራት የተጠራቀመውን የመተግበሪያ ዝማኔ ሁሉ ማውረድ ጀመረ። እራት በልተን ሳንጨርስ ፓኬጁ አለቀ።